ዘጠኙ ፍሬሞች

ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ማታ፣ ከጥሊሊ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ማሳ ዳር ትራይፖዴን ተከልኩ። ቀኑን የመረጥኩት ጨረቃ ስለማትወጣ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ኅዳር ሚካኤል ነበርና መንደሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ውሎ ሰማዩ ጭስ ለብሶ ነበር። በ14 ግን ጠርቷል። ክረምቱ አየሩን አጥቦ ሄዷል፣ የበጋው አቧራ ደግሞ ገና አልተነሳም። በአዊ ደጋ በዚህ ወቅት ማታ ውጭ የቆመ ሰው ሰማዩ ምን ያህል ቅርብ እንደሚመስል ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ ኮከብ በጣት ይቆጠራል፤ እዚያ ግን ፍኖተ ሐሊብን ለማየት አንገት ቀና ማድረግ ብቻ ይበቃል።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የኮከብ ታይምላፕስ የጀመርኩት ከስክሪን ለመራቅ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ከሌላ ስክሪን ፊት አስቀመጠኝ። ለማታውቁት፣ ነገሩ ቀላል ነው። ካሜራው ለ20 ሰከንድ ዓይኑን ከፍቶ ብርሃን ይሰበስባል፣ 5 ሰከንድ ያርፋል፣ እንደገና ይከፍታል። በየ25 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ በሰዓት 144 ፎቶ ማለት ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያሳይ የአንድ ሰዓት ሰማይ 6 ሰከንድ ይሆናል። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ለመቅረጽ ነበር ያሰብኩት፤ 864 ፍሬም፣ 36 ሰከንድ። ጠላቶቼ ሦስት ነበሩ፦ ባትሪ፣ ጤዛና ብርሃን። ለባትሪው መለዋወጫ ይዣለሁ። ለጤዛው ሙቅ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ በካልሲ ጠቅልዬ ሌንሱ ሥር አሰርኩ። ለብርሃኑ ቤተሰቡን በሙሉ አስጠነቀቅኩ።

አያቴ ማስጠንቀቂያዬን አልሰሙም፤ ወይም ሰምተው ንቀውታል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ባትሪያቸውን እያበሩ፣ በትከሻቸው ሌላ ጋቢ ደርበው መጡ።

«አባባ፣ ባትሪውን ያጥፉልኝ!»

«ብርድ ሊገድልህ ነው እንዴ አንተ ልጅ? እንካ ልበስ።»

ጋቢውን አለበሱኝ። ከዚያ እሳቸውም ቀና ብለው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከሁሉም ኮከብ ደምቃ የምታበራውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይቺን አየሃት? ሰኔ ሲገባ በማታው ትጠፋለች። ሐምሌ ላይ በንጋት ትመለሳለች፤ ግን ያኔ ደመና ነው፣ የሚያያት ዕድለኛ ነው።»

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«አባቴ ነው ያሳየኝ። ከብት ስንጠብቅ ሌላ ምን እናይ ነበር?»

እሺ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ነው የሰማሁት። ዓይኔ ካሜራው ላይ ነበር፤ ስንት ፍሬም እንዳበላሹብኝ እያሰላሁ። በኋላ ላፕቶፕ ላይ ስቆጥረው ዘጠኝ ነበር። ዘጠኝ ፍሬም በእውነተኛው ሰዓት 4 ደቂቃ አይሞላም፣ በቪዲዮው ላይ ደግሞ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሆንም። አዲስ አበባ ተመልሼ ኤዲት ሳደርግ ቀለሙን አስተካከልኩ፣ በፎቶዎቹ መሃል ያለውን የብርሃን መርገብገብ አለሳለስኩ፣ ጩኸት የበዛበትን ጥቁር ቦታ አጸዳሁ፤ ዘጠኙን ፍሬም ቆርጬ አወጣሁና ክፍተቱን በጎረቤቶቹ ሞላሁት። ማንም አላወቀም። ቪዲዮው ብዙ ላይክ አገኘ።

አያቴ ያሳዩኝ ኮከብ ሲሪየስ ነው። ፈረንጆቹ የውሻ ኮከብ ይሉታል። ከምድር ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ብሩሁ እሱ ነው። ስለዚህ ኮከብና ስለ እኛ አካባቢ የተጻፈ ነገር እንዳለ ያወቅኩት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ፈጽሞ ሌላ ነገር ሳነብ ነበር።

*

ከጥሊሊ በስተምሥራቅ ሰከላ ወረዳ አለ። እዚያ ግሽ ተራራ ሥር፣ ዓባይ ከትንሽ ረግረግ ውስጥ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚህ ቦታ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት ሁላችንም ሰምተነዋል፦ ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ፣ «የዓባይን ምንጭ አገኘሁ» አለ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ማየቱን ግን ማመን አልፈለገም። የአካባቢው ሰው ደግሞ ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም።

ብዙ የማይወራለት ነገር ብሩስ ግሽ ላይ ሌሊቱን ምን ሲሠራ እንዳደረ ነው። ሰውዬው የኮከብ ሰው ነበር። ቴሌስኮፕ፣ ሰዓትና ኳድራንት ይዞ ነበር የመጣው። ኳድራንት የኮከብን ከፍታ በዲግሪ የሚለካ፣ ሩብ ክብ የሚያህል የናስ መሣሪያ ነው፤ የእሱ ትልቅና ከባድ ነበር። ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ሲወጡ ታራንታ የሚባለውን ተራራ ያለፈው በተሸካሚዎች ትከሻ ነው። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው፣ ሰዎቹ ሲደክሙ ያሲን የሚባል ሰው የመሣሪያውን ከባድ ክፍል ከእሱ ጋር ተሸክሞ ወደ ላይ አድርሶለታል። እኔ ትራይፖዴን ከቤት እስከ ማሳው ዳር ተሸክሜ ነው ያማረርኩት።

ግሽ ላይ ኮከቦቹ ከደረሱበት ከፍታ ተነስቶ ኬክሮሱን አሰላ፤ ያገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ነው። ደቂቃ እዚህ ላይ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ናት። ዛሬ በሳተላይት ካርታ ከሚታየው ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ኬንትሮሱን ደግሞ የጁፒተርን ጨረቃ ተጠቅሞ ፈለገው። የጁፒተር ጨረቃ ወደ ጥላው የምትገባበት ቅጽበት ለመላው ዓለም አንድ ነው፤ የእናንተን ሰዓትና የአውሮፓን ሰዓት ካነጻጸራችሁ፣ የአንድ ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ነው። ሰማይን እንደ ሰዓት መጠቀም ማለት ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ሒሳብ እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያላት ከፍታ የቆማችሁበትን ኬክሮስ ይነግራችኋል ማለት ይቻላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ ስፋቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥሊሊ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ አንድ ጡጫ ከትንሽ ናት፤ ባሕር ዛፍ ከጋረዳት አትታይም። ለንደን ላይ ግን አምስት ጡጫ ከፍ ትላለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የምናገኘው ካሣ ደግሞ አለ፦ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ኮከቦች እናያለን፤ ለንደን ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ ከቤቱ አያያቸውም።

*

ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 እ.ኤ.አ. በኤዲንበራ፣ በአምስት ቅጽ ነው። ስለ አገው ሕዝብና ስለ ዓባይ በጻፈበት ክፍል አንድ ነገር ይተርካል። የወንዙ አገልጋይ የሆነ፣ ክፍለ ዓባይ ብሎ የሚጠራው በዕድሜ የገፋ ሰው ግሽ ላይ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የውሻው ኮከብ መጀመሪያ በሚታይበት ወቅት፣ የየጎሳው አለቆች እሱ ዘንድ ይሰበሰባሉ፤ ወልዳ የማታውቅ ጥቁር ጊደር ታርዳ ጭንቅላቷ ምንጩ ውስጥ ይነከራል። እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብሩስ አንዲት ሐረግ ሸጉጧል፦ ሌሎች እንደሚሉት ግን ከዚያ 11 ቀን በኋላ ነው።

ይህን ሳነብ የአያቴ ጣት ትዝ አለኝ። ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ሶፍትዌር ከፈትኩ፣ ቦታውን ጥሊሊ አደረግኩ፣ ቀኑን እያሳለፍኩ ሲሪየስን ተከተልኩት። ኮከብ በየሌሊቱ በ4 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይወጣል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚወጣው ሲሪየስ ቀስ በቀስ እየቀደመ ሄዶ፣ ሰኔ ሲገባ ምዕራብ ላይ ከፀሐይ ኋላ ተከትሎ ይጠልቃል፤ ይጠፋል። ከአንድ ወር ትንሽ በኋላ፣ በሐምሌ፣ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ብቅ ይላል። አያቴ ያሉት ቃል በቃል ትክክል ነበር። ብቸኛው ችግር እሳቸው እንዳሉት ደመናው ነው፤ በሐምሌ አዊ ዞን ውስጥ ንጋት ላይ ጥርት ያለ ምሥራቅ ማግኘት ሎተሪ እንደማግኘት ነው።

እዚህ ላይ ብሩስን መጠርጠር ተገቢ ነው። የግብፅን ታሪክ አንብቧል። ግብፃውያን የሲሪየስን የንጋት መመለስ ከዓባይ ሙላትና ከአዲስ ዓመታቸው ጋር እንደሚያያይዙት ያውቃል። የወንዙ ምንጭ ላይ ቆሞ ያንኑ ኮከብ ቢያገኝ ታሪኩ ያምርለታል። ምናልባት ሰዎቹ ሌላ ነገር ነግረውት እሱ ግብፅን ጨምሮበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ግን ያቺ ሐረግ አለች። ብሩስ ግሽ የቆየው በጥቅምት መጨረሻ ጥቂት ቀናት ነው፤ የሐምሌውን ሥርዓት በዓይኑ አላየም። የጻፈው የተነገረውን ነው። «ሌሎች እንደሚሉት» ማለት ደግሞ ነጋሪዎቹ ቢያንስ ሁለት ነበሩ፣ እነሱም አልተስማሙም ማለት ነው። ከመጽሐፍ የተቀዳ ታሪክ ጠርዙ የተስተካከለ ነው፤ የሚከራከሩ ምስክሮች አያስፈልጉትም። ክርክር ባለበት ግን ሰማዩን የሚያይ ሰው አለ። እኔ እንደ ፕሮግራመር ሳየው ያቺ ሐረግ ሎግ ፋይል ውስጥ እንደምትቀር መስመር ናት፤ ማንም ለማስዋብ ያልጻፋት፣ ግን ምን እንደተፈጠረ የምትመሰክር።

11 ቁጥሯ ራሷ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ 12 የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ናቸው። ልዩነቱ 11 ቀን ነው። የባሕረ ሐሳብ አበቅቴ የሚባለው ስሌት የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። አንድ ሰሞን ለሙከራ ኮድ ጽፌው ነበር፤ አሥር መስመር እንኳ አልፈጀም። ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን ውሰዱ። 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ስታካፍሉት 12 ይተርፋል፤ አንድ ስትቀንሱ 11፣ ወንበሩ ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ ከዚያ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፉ 1 ይቀራል፤ አበቅቴው 1 ነው። 19 ሲባዛ በ11 ደግሞ 209፤ በ30 ሲገደፍ 29፣ መጥቅዑ ነው። በዚህ ተከትላችሁ ስትሄዱ ነነዌ የካቲት 3፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይውላል፤ የዋለውም እንዲሁ ነው።

19 ለምን? 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር እኩል ናቸው ማለት ስለሚቻል ነው፤ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚጠናቀቅ ዑደት መቁጠር ያስፈልጋል። አንዱ ይጀምራል፣ ልጁ ይቀጥላል፣ ተማሪው ይጨርሳል። እኔ ስድስት ሰዓትን ወደ 36 ሰከንድ አጠበብኩ ብዬ ስኮራ፣ እነሱ ትውልዶች የቆጠሩትን ሰማይ በጣት መገጣጠሚያ ወደሚያዝ ስሌት አጥበውታል። ስሌቱ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ ነው ይባላል። ከእሱ በፊት ሰማዩን በየሌሊቱ ቀና ብለው ያዩት ግን ስም የላቸውም።

*

ወደ ብሩስ ልመለስ፤ ያልጨረስኩት ሰው አለ። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሰዓሊ ነው። ብሩስ ለጉዞው የቀጠረው እንዲስልለት ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕፅዋቱን፣ ወፎቹን ሣለ፣ የአየሩን ሁኔታ እየተከታተለ መዘገበ። ከብሩስ ጋር ግሽ ድረስ መሄዱን የገዛ ማስታወሻው ይመሰክራል። ከዚያ ጉዞ ሲመለስ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ፤ ወደ አገሩ አልገባም።

በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ግሽ ላይ ባሉጋኒ የለም። ምንጩ ዳር ጎልቶ የቆመው ብሩስ ነው። ሥዕሎቹንም የራሱ እጅ ሥራ አስመስሎ አቀረባቸው። የተጋለጠው ባሉጋኒ የተወው ወረቀት ስላልጠፋ ነው። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ ተቀምጠዋል።

ይህን ያነበብኩ ቀን ብሩስ ላይ በጣም ተናደድኩ። ሰው እንዴት ወዳጁን ከታሪክ ቆርጦ ያወጣል? ለምን? ፍሬሙ ጥርት እንዲል። አንድ ሰው፣ አንድ ምንጭ፣ አንድ ሰማይ። እንዲህ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የገዛ ሥራዬ ፊቴ ላይ የተደቀነብኝ።

*

አያቴ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አረፉ። የዚያን ጊዜ መንገዱ እንዴት እንደነበር የክልላችን ሰው ያውቃል። ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ስልክ አንድ ቀን ይሠራል ሁለት ቀን አይሠራም፤ መኪና ወጣ ሲሉ ተመለሰ ይባላል። መርዶውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ለቅሶ የደረስኩት አርባቸው ካለፈ በኋላ። ማታ ከቤት ወጥቶ ማሳ ዳር በጨለማ መቆም ደግሞ የማይታሰብ ሆኗል። በሌሊት ትራይፖድ ተሸክሞ የሚሄድን ሰው ከሩቅ የሚያየው ሌላ ነገር ነው የሚመስለው። ሰማዩ እዚያው አለ፤ ወደ እሱ የምንወጣበት ሌሊት ነው የጠፋው።

ስለ አያቴ ምን እንዳለኝ ፈለግኩ። ፎቶ አለ፤ የሠርግ፣ የጥምቀት፣ ቀጥ ብለው ቆመው የተነሱት። ድምፃቸው ግን የለኝም። ከማን ምን እንደተማሩ፣ ለየትኛው ኮከብ ምን ስም እንደሚሰጡ፣ በአዊኛ ምን እንደሚሉት፣ ማረሻ ለማንሳት የትኛውን እንደሚጠብቁ አልጠየቅኩም። 864 ፎቶ ሙሉ ሌሊት ያነሳሁ ሰውዬ፣ ጎኔ ቆመው የነበሩትን ሰው ለአንድ ደቂቃ አልቀረጽኳቸውም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሃርድ ዲስኩን ከፈትኩ። ኤዲት ሲደረግ የሚቆረጠው ከቪዲዮው እንጂ ከሮው ፋይሎቹ አይደለም፤ ዘጠኙም እዚያው ነበሩ። አንድ በአንድ አየኋቸው። በ20 ሰከንድ ተጋላጭነት የሚንቀሳቀስ ሰው አይታይም፤ ካሜራው የሚያየው ጸንቶ የቆመን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬሞች ላይ አያቴ የሉም፤ ባትሪያቸው ብቻ ከቤቱ አቅጣጫ ወደ እኔ እየተጠማዘዘ የሚመጣ ቢጫ መስመር ሆኗል። አራተኛው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ሌንሱ ላይ አብርተውበት። አምስተኛው ላይ ባትሪው ጠፍቷል፤ «ያጥፉልኝ» ያልኩ ጊዜ መሆን አለበት። ስድስተኛው ላይ፣ ከታች በቀኝ ጥግ፣ ነጭ ነገር አለ። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ጋቢ ነው። ከጋቢው በላይ አንድ እጅ ወደ ላይ ተዘርግቷል። በእጁ አቅጣጫ ሲሪየስ አለ።

ለኮከቧ ለማሳየት ያህል 20 ሰከንድ ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ቆመዋል። እኔ እሺ እያልኩ ሌላ ሳስብ፣ ካሜራው ግን ሲሰማቸው ነበር።

ዘጠኙንም መለስኳቸው። ነጩንም ጭምር። ቪዲዮው አሁን ሰማዩ በጸጥታ ሲዞር ቆይቶ መሃል ላይ ከግማሽ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ይናወጣል፤ ቢጫ መስመር ይገባል፣ ብልጭ ይላል፣ ጥጉ ላይ ነጭ ነገር ይቆማል፣ ይሄዳል። በሙያው ዓይን ካያችሁት ስህተት ነው። ኔትወርክ ሲመለስ ለአክስቴ ላክሁላት። ምንም አላብራራሁላትም፤ የኮከብ ቪዲዮ ነው ብቻ አልኳት። ማታ ደወለች።

«መሃሉ ላይ የሚመጣው ባትሪ» አለች፣ «አባቴ ነው አይደል?»